የፖሊኔዥያ ምሽት በትንሽ መርከብ፦ ከበሮው፣ አሸዋው ወይስ የጭነት መርከቡ?

በደቡብ ፓሲፊክ ያለችው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ታሂቲ ላይ ፀሐይ እንደኛው አገር ናት፤ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙ አትርቅም፣ ስትሄድም አታመነታም። ከመርከቡ ደርብ ላይ ሆኖ የጎረቤቷን ደሴት የሞሬያን ተራራ የሚያይ ሰው መጠጥ ለማዘዝ ዞር ብሎ ሲመለስ ተራራው ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ እስከ መኝታ ያለው ሦስት አራት ሰዓት እንዴት ያልፋል? ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን የሚጠይቅ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ጠይቆ ቢሆን ግን ብዙው ሰው ሌላ መርከብ ይመርጥ ነበር።

ሦስት ሺህ ሰው የሚጭን መርከብ ይህን ሰዓት በቲያትር አዳራሽ፣ በቁማር ቤትና በጭፈራ ቤት ይሞላዋል። መቶ ሃምሳ ወይም ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ ትንሽ መርከብ ያ ሁሉ ቦታ የለውም። ያለው አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሦስት ባርና አንድ መዋኛ ነው። ተሳፋሪውም ቀኑን ሙሉ ሲዋኝና ዓሣ ሲያይ ስለሚውል ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ማዛጋት ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ማወዳደር ያለብን የመድረኩን ስፋት ሳይሆን ምሽቱን የሚያመጣውን ሰው ነው። መርከቡ ላይ አብረው የሚኖሩ የታሂቲ ልጆች ናቸው? የምትቆሙበት ደሴት ሰዎች ናቸው? ወይስ ቀን ሲሚንቶ ሲያወርዱ የዋሉ መርከበኞች? በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ውሃ ላይ ሦስቱም አሉ፣ እያንዳንዱም ሁነኛ መርከብ አለው።

(ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱና ወሩ ግን በፈረንጆቹ ነው። የመርከቡ የዕለት ፕሮግራም ግን 21 ሰዓት ብሎ ስለሚጽፍ 12 እየቀነሳችሁ ሳይሆን 18 እየቀነሳችሁ አንብቡት፤ 21 ማለት የእኛ ምሽት 3 ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚሳሳት አበሻ አይጠፋም።)

ከልጆቹ ጋር የምታመሹበት፦ ፖል ጎጋን

ፖል ጎጋን በ1997 ፈረንሳይ ሴንት ናዜር ውስጥ የተሠራ መርከብ ነው፤ የሚይዘው 330 ሰው ገደማ ነው። ከውሃ በታች ያለው አካሉ ከአምስት ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በኮራል አጥር ወደተከበበው ጥልቀት አልባ ውሃ እንዲገባ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ስሙን ያገኘው እዚሁ ፖሊኔዥያ ውስጥ ወዳሉት ማርኬሳስ ደሴቶች ሄዶ በ1903 እዚያው ከሞተው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው።

ምሽቱን ከሌሎቹ የሚለየው ሌ ጎጋን እና ሌ ጎጊን የሚባሉ የታሂቲ ወጣቶች ቡድን መርከቡ ላይ መኖሩ ነው። አስተናጋጅ አይደሉም፣ ለአንድ ሰዓት መጥተው የሚሄዱ ተወዛዋዦችም አይደሉም። ጠዋት አንዷ ልጅ ፓሬዎ የሚባለውን ጨርቅ በስንት ዓይነት ማሰር እንደሚቻል ታሳያችኋለች፤ ከሰዓት አበባ ስትሰኩ ጣታችሁን ታርማለች፤ ማታ ያቺው ልጅ የአበባ አክሊል ደፍታ መድረክ ላይ ናት። በሦስተኛው ቀን በስሟ ትጠሯታላችሁ፤ በአምስተኛው ቀን ስታዩዋት የምታጨበጭቡላት እንደ ዘመድ ልጅ ነው። በአንድ ምሽት ትርኢት ይህ አይገኝም። እኔ ለዚህ መርከብ የማደላውም በዋናነት ለዚህ ነው፤ ከወዲሁ ልናገርና ፍርዴን በዚያ መዝኑት።

ውዝዋዜውን ሳታውቁ ብታዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። ሁለቱን ዓይነት መለየት ግን ቀላል ነው። ኦቴአ ከበሮ ብቻ ነው፤ ዘፈን የለውም። ቶኤሬ የሚባለው መሃሉ ተቦርቡሮ ረጅም ስንጥቅ የተበጀለት ግንድ በዱላ ሲመታ ድምፁ ደረቅና ፈጣን ነው፤ ቆዳ የተወጠረበት ትልቁ ፓሁ ከሥሩ ይመታል። ሴቶቹ ዳሌያቸውን በከበሮው ፍጥነት ያዞራሉ፣ ወንዶቹ ጉልበታቸውን እንደ መቀስ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። እውነትም ፓኦቲ የሚለው የእንቅስቃሴው ስም መቀስ ማለት ነው። አፓሪማ ደግሞ ዝግ ይላል፤ በዩኩሌሌና በጊታር የሚዘፈን ሲሆን እጆቹ ታሪክ ይናገራሉ። ማዕበሉን፣ ታንኳውን፣ የተለየውን ወዳጅ በጣት ታዩታላችሁ። ቋንቋውን ባታውቁም እጅ ላይ ዓይናችሁን ካሳረፋችሁ ግማሹ ይገባችኋል።

ወገብ ላይ የሚታሰረው ጭራሮ መሰል ቀሚስ ሞሬ ይባላል። ሣር አይደለም፤ ፑራው ከሚባል ዛፍ ልጥ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ነጥቶ የሚሠራ ነው። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት እንደ ቃጫ ነው፤ ተወዛዋዧ ስትቆም እንኳ ጫፉ ለትንሽ ጊዜ መንቀጥቀጡን ይቀጥላል።

ይህ ውዝዋዜ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው አለ። ግን በ1819 የታሂቲው ንጉሥ ዳግማዊ ፖማሬ ሚስዮናውያን ረድተዋቸው ባወጡት ሕግ መሠረት ከልክለውት ነበር። ወደ አደባባይ ሲመለስ በፈረንሳይ የሐምሌ 14 በዓል ስም ነው፤ ከ1881 ጀምሮ በሚከበረው የሐምሌ ፌሽታ ላይ። ያ ፌሽታ ዛሬ ሄይቫ ይባላል፤ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በዋና ከተማዋ በፓፔቴ ውስጥ ቡድኖች ይወዳደሩበታል። ስለዚህ ጉዟችሁ ሐምሌ ላይ ከዋለ ማንኛውንም መርከብ ብትመርጡ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና ቶአታ አደባባይ ላይ የሚሆነውን እዩ። መቶና ከዚያ በላይ ሰው በአንድ ላይ ሲወዛወዝ ካያችሁ በኋላ የመርከቡ ስድስት ሰባት ልጆች ያንሱባችሁ ይሆናል፤ ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ትርኢት ስትመዝኑ የሚረዳ አንድ መለያ ልስጣችሁ። በእሳት የሚሽከረከረው ቢላ ከሳሞአ የመጣ ነው፤ ሁላ የሃዋይ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፣ ታሂቲ ላይም በደንብ የሚጫወቷቸው አሉ። ነገር ግን የመርከቡ ማስታወቂያ እሳትና ሁላ ብቻ አሳይቶ ኦቴአን ካላነሳ፣ የሚቀርብላችሁ ነገር ለደቡብ ባሕር ሁሉ ተብሎ የተቀላቀለ ሾርባ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ ተመልካቹን ያስነሳሉ፤ ይህ አይቀርም። ጎትታ ስትወስዳችሁ አትሽኮርመሙ። ለእኛ ሰው ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ ትከሻችሁን እርሱት። እስክስታ የለመደ ሰው ከበሮ ሲሰማ መጀመሪያ የሚነሳው ትከሻው ነው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ትከሻ ጭራሽ መነቃነቅ የለበትም፣ ጉልበት ታጥፎ ከወገብ በታች ብቻ ነው ሥራው። አንድ ምሽት አንዲት የጎንደር እናት ተነሥተው ትከሻቸውን ቢያወርዱት ከበሮ መቺው ሥራውን ትቶ ሳቀ፤ ከዚያ ግን በእሳቸው ምት መምታት ጀመረ። ያ የጉዞው ምርጥ ምሽት ሆነ፤ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም።

ፖል ጎጋን ጉድለትም አለው። ከ4 ሰዓት በኋላ ከኋላ ያለው ላ ፓሌት ባር ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ይቀራል። ተሳፋሪው በዕድሜ ጎልማሳና ከዚያ በላይ ነው። እስኪነጋ መጨፈር ለምትፈልጉ ወጣቶች ይህ መርከብ ያስተኛችኋል።

ደሴቱ ራሱ የሚያስተናግድበት፦ የዊንድስታር መርከቦች

ዊንድስታር የሚባለው ኩባንያ በእነዚህ ውሃዎች ያሰማራቸው መርከቦች በጠባያቸው ይለያያሉ። ዊንድ ስፒሪት አራት ምሰሶ ያለው ባለ ሸራ መርከብ ሲሆን 148 ሰው ይይዛል። ስታር ብሪዝ ሸራ የለውም፣ መሃሉ ተቆርጦ ከተረዘመ በኋላ 312 ሰው ይይዛል። በየትኛው እንደምትሄዱ ትኬቱ ላይ አጣሩ፤ የምሽቱ ነገር ይለያያልና።

በሸራው መርከብ ላይ የምሽቱ ትልቁ ትርኢት መነሳት ነው። አመሻሽ ላይ መልሕቅ ተነሥቶ ሙዚቃ ሲከፈት ሸራዎቹ አንድ በአንድ በሞተር ይዘረጋሉ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ቀና ብሎ ያያል፤ ማንም አያወራም። ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በሁለተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም ቀን ያው ሰው ያው ቦታ ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። ከዚያ ወዲያ እራት፣ ሁለት ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ሳሎን፣ ሌላ ምሽት ደርብ ላይ ጥብስ። አንድ ምሽት ደግሞ ሠራተኞቹ ራሳቸው መድረክ ይወጣሉ። አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያውያንና ፊሊፒናውያን ናቸው፤ ጠዋት እንቁላላችሁን የጠበሰው ሰውዬ ማታ እንዴት እንደሚዘፍን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ፖሊኔዥያዊ አይደለም፤ ግን ከልብ ነው።

የኩባንያው መለያ ቦራ ቦራ በሚባለው ደሴት የሚዘጋጀው ምሽት ነው። ሞቱ በሚባለው ትንሽ የአሸዋ ደሴት ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ችቦ በርቶ፣ የደሴቱ ሰዎች መጥተው ይወዛወዛሉ፣ እሳት ያሽከረክራሉ። እግራችሁ ባዶ ነው፣ አሸዋው የቀኑን ሙቀት አልለቀቀም፣ ከዘንባባው በላይ ደቡባዊው መስቀል ይታያል። የሳሎን ትርኢት ምንም ቢያምር ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በአንድ ምሽት ብቻ ቢለካ ዊንድስታር ያሸንፋል።

ችግሩ አንድ ምሽት መሆኑ ነው፤ እሱም በነፋስ እጅ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ማራአሙ የሚባል ኃይለኛ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነሣል። ወቅቱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቱሪስት የሚበዛበት ነው፣ ነፋሱም የሚመጣው ያኔ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደግሞ ዝናቡ አለ። እኔ በአንድ ጉዞ (የየትኛው ኩባንያ እንደነበረ ይቅር) ለባሕር ዳርቻው ምሽት ነጭ በነጭ ለብሰን ቆመን ሳለ ጀልባዎቹ መጠጋት አልቻሉም ተባለ። ምግቡ መዋኛው አጠገብ ቀረበ። እሳት ደርብ ላይ ስለማይፈቀድ ልጁ ያልተለኮሰ ዱላ ይዞ መጣና አሽከረከረ። በደንብ ነው ያሽከረከረው፣ እናም አጨበጨብን፤ ግን ሰርግ ላይ ሙሽራ የቀረች ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውን የምመክረው ይህንኑ ነው፦ አንድን መርከብ ለአንድ ምሽት ብላችሁ አትምረጡ።

ከመርከበኞቹ ጋር፦ አራኑይ 5

አራኑይ 5 ግማሹ የጭነት መርከብ ነው። በ2015 የተሠራ ሲሆን ፊቱ ላይ ክሬኖችና ኮንቴይነሮች፣ ኋላው ላይ የተሳፋሪ ክፍሎችና መዋኛ አለው። ከፓፔቴ ተነሥቶ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ምግብ፣ ነዳጅ፣ ሲሚንቶና መኪና ያደርሳል፤ ሲመለስ የደረቀ ኮኮናትና ኖኒ ፍሬ ይጭናል። ጉዞው 12 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሰው የሚሄደው ለመዝናኛ ሳይሆን ለደሴቶቹ ነው፤ ምሽቱ ጭማሪ ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው ግን።

ምሳና እራት ላይ ወይን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛውም የጋራ ነው። ከእራት በፊት ታሪክ ወይም አርኪዮሎጂ የሚያውቅ እንግዳ ተናጋሪ ስለ ነገው ደሴት ያስረዳል፤ የድንጋይ ምስሎቹን ማን እንደጠረበ፣ ንቅሳት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እንዴት ከዚህ አካባቢ ታታው ከሚለው ቃል እንደተወሰደ። ከእራት በኋላ መርከበኞቹ ዩኩሌሌ ያወጣሉ። የታሂቲ ዩኩሌሌ ስምንት ጅማት አለው፣ ድምፁ ከሃዋዩ ይልቅ ቀጭንና ስል ነው። ቀን ክሬን ሲያንቀሳቅስ ያያችሁት፣ ፊቱ እስከ ጆሮው የተነቀሰ ግዙፍ ሰው በዚያች ትንሽ ዕቃ ላይ ጣቱን ሲያሯሩጥ ማየት ብቻውን ትርኢት ነው። የፖሊኔዥያ ምሽት ሲዘጋጅ ደርቡ ላይ ከተሳፋሪ ጋር ተቀላቅለው ይጨፍራሉ፤ የመድረክና የተመልካች መስመር የለም።

የማርኬሳስ ውዝዋዜ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በቀን፣ መሬት ላይ ነው። ኑኩ ሂቫ ላይ ትልልቅ የባንያን ዛፎች ሥር፣ በጥንታዊ የድንጋይ አደባባይ፣ ወንዶቹ እንደ ዐሣማ እያጉረመረሙ መሬቱን ይረግጣሉ፤ ከበሮዎቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ከታሂቲው ለስላሳ ዳሌ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ከባድ፣ ቆም ቆም የሚል፣ ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ነው። እነዚህ ደሴቶች በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን የሚፈልግ ሰው ማታ ምን አለ ብሎ አይጨነቅም። ክፍሉ ጠባብ መሆኑን፣ ክሬኑ ከማለዳው እንደሚጮህ፣ ባሕሩም ክፍት ስለሆነ እንደሚያናውጥ ግን ይወቅ።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ፖል ጎጋን። ትርኢቱ ቀድሞ ይጀምራል፣ ሳሎኑ ቅርብ ነው፣ ሌሊት ጀልባ ላይ መውጣትና መውረድ የለም። የባሕር ዳርቻው ምሽት ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች አስቸጋሪ ነው፤ ትንሿ ጀልባ በጨለማ ስትወዛወዝ እጅ ይዞ መዝለል ያስፈልጋል።

ለጫጉላ ሽርሽር ባለ ሸራው መርከብ። ከእራት በኋላ ሁለት ሰው ደርብ ላይ ብቻውን መቆም የሚችልበት ጨለማ እዚያ አለ፤ ምን ዓይነት ዘፋኝ እንዳለ የሚጠይቅ ሙሽራ ደግሞ አላየሁም። (አበባ በጆሯችሁ ስትሰኩ ልብ በሉ፤ በልማዱ በግራ ከሆነ ተይዣለሁ፣ በቀኝ ከሆነ ነፃ ነኝ ማለት ነው።)

ብቻችሁን ከሆናችሁ አራኑይ። በጋራ ጠረጴዛ አንድ ሳምንት የበላ ሰው ብቻውን አይመሽም። ፈረንሳይኛ ለሚችል ሰው ደግሞ ድርብ ነው፤ ተሳፋሪው ውስጥ ፈረንሳውያን ብዙ ናቸው።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሦስቱም አይመቹም፤ በቀጥታ ልናገር። ሞሬያ ላይ ቤት ተከራዩ፣ አንድ ምሽት ሆቴል ሄዳችሁ ትርኢት እዩ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ለወኪሉ የምትጠይቁት መጀመሪያ ነገር መርከቡ ስንት ሌሊት ቆሞ ያድራል የሚል ይሁን። ቦራ ቦራና ሞሬያ ላይ የሚያድር ከሆነ ምሽቱ የእናንተ ነው፤ ወርዳችሁ መሬት ላይ እራት መብላት ትችላላችሁ። በየማታው የሚነሳ ከሆነ ግን ያላችሁ የመርከቡ ፕሮግራም ብቻ ነው። የሚያድር ከሆነ የመጨረሻዋ ጀልባ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ አጣሩ፤ አንዳንዴ 4 ሰዓት ተኩል ነው፣ አንዳንዴ ቀድማ ታልቃለች።

ቀጥሎ የባሕር ዳርቻው ምሽት በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል? ቢቀርስ? መጠጥስ? ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ የመጠጥ ሂሳብ ዋናውን ልዩነት ያመጣል።

ፓፔቴ ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት ወይም ከወረዳችሁ በኋላ ያለውን ምሽት አታባክኑት። ቫይኤቴ አደባባይ ላይ፣ ወደቡ ዳር፣ ማታ ማታ ሩሎት የሚባሉ የምግብ መኪኖች ይሰለፋሉ። ጥሬ ዓሣ በኮኮናት ወተት፣ የቻይና ጥብስ፣ ክሬፕ አለ። ገንዘቡ ፓሲፊክ ፍራንክ ነው፤ 1000 ፍራንክ ከ8 ዩሮ ትንሽ ይበልጣል። የሚዘፍን ሰው ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘም የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ሲያመሽ ታያላችሁ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ብቻውን እንደማይበቃ እወቁ፤ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሸንገን ውስጥ አይደለችም፣ ለእሷ የሚያገለግል ቪዛ መሆኑ ተጽፎ መሰጠት አለበት። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዙት ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም።

የክፍላችሁንም ቁጥር ካርታው ላይ ፈልጉት። ከሳሎኑ በላይ ወይም በታች ከሆነ ቶኤሬው አልጋችሁ ውስጥ ይመታል። ቀድማችሁ የምትተኙ ከሆነ ይህን ቀይሩ። ካልሆነ ግን ከውሃው ቀረብ ያለ ዝቅ ያለ ደርብ ላይ አንድ ክፍል ውሰዱ፤ መርከቡ በቆመበት ሌሊት ከብርሃኑ ሥር ትንንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፣ እነሱን ተከትሎ አንዳንዴ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ምልክት ያለው ሻርክ በዝምታ ይዞራል። እሱን ለማየት ፕሮግራም አያስፈልግም፤ መብራታችሁን አጥፍታችሁ በመስኮቱ ብቅ ማለት ነው።